የፍራፍሬ በረዶ ያለ ስኳር በቤት ውስጥ አሠራር

ለስኳር ሕሙማንና ለቤተሰባቸው፤ ለጃናሞራ፣ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለአካባቢው ደጋ የተዘጋጀ የቤት ኑሮ ዘዴ ትምህርት

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን እንግዳ ሲመጣ፣ ክርስትና ሲነሣ ወይም ዓመት በዓል ሲደርስ ጣፋጭ ነገር ከቤት አይጠፋም። ጠጅ ይጣላል፤ ማር ይቆረጣል፤ በከተማ ደግሞ ለስላሳ መጠጥና ኬክ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ለእኔ አይሆነኝም» ብሎ ከማዕዱ ፈቀቅ ይላል፤ ወይ ይሉኝታ ይዞት የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። የመጀመሪያው ሰውየውን ከወገኑ ይለየዋል። ሁለተኛው ሕመሙን ያባብስበታል። በተለይም ሕፃናትና ወጣቶች ሕመምተኞች ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ጓደኞቻቸው ሲበሉ ቆመው መመልከት ስለማይችሉ ተደብቀው መብላት ይጀምራሉ።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ለሕመምተኛው ለብቻው ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ የሚቀርብ፣ ስኳርም ማርም ያልተጨመረበት፣ ከጓሮና ከገበያ በሚገኝ ፍራፍሬ የሚዘጋጅ የፍራፍሬ በረዶ አሠራርን ማሳየት ነው። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ በማቀዝቀዣው ይሠራል። የሌለው ደግሞ የስሜን ውርጭና በረዶ በሚሰጠው ብርድ መሥራት እንደሚችል ከዚህ በታች ተገልጿል።

2. የስኳር በሽታ የባለጸጋ በሽታ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የስኳር በሽታ የከተማ ነዋሪዎች፣ የወፍራሞችና የባለጸጎች በሽታ ነው ብሎ ያምናል። ይህ አስተሳሰብ በአካባቢያችን ጉዳት አድርሷል። ከሲታ የሆነ የገጠር ወጣት ውሃ ጥም ሲያቃጥለው፣ ሽንት ሲያመላልሰውና ሰውነቱ ሲመነምን የስኳር በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

በጎንደር ሕሙማንን የሚረዱ ሐኪሞች ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድኾችና ከሲታዎች መሆናቸውን አመልክተዋል። በልጅነት ከሚደርስ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክርም እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ዓይነት ሕመም «ዓይነት 5 የስኳር በሽታ» በሚል ስም ተቀብሎታል።

ይህ ለቤት እመቤቷ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። የስኳር ሕመምተኛን መመገብ ማለት ማስራብ ማለት አይደለም። ወፍራም ለሆነ ሕመምተኛ ምግብ መቀነስ ሊጠቅመው ይችላል። ከሲታ ለሆነው ግን እንደ ወተትና እርጎ ያለ ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከቀረቡት አሠራሮች የትኛው ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚስማማ ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይገባል።

3. በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር

ስኳር አልተጨመረበትም ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም። ማንኛውም ጣፋጭ ፍራፍሬ የተፈጥሮ ስኳር አለው። ይህም ስኳር እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ደም ይገባል። የፍራፍሬ ጥቅሙ ስኳሩ ከውሃና ከአሰር ጋር ተደባልቆ የሚገኝ በመሆኑ ነው። አሰሩ የስኳሩን ወደ ደም አገባብ ያዘገየዋል። ፍራፍሬው ተጨምቆ አሰሩ ከተጣለ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። በመሆኑም ለፍራፍሬ በረዶ ጭማቂውን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን በሙሉ መጠቀም ያስፈልጋል።

ከተላጠና ከተመዘነ 100 ግራም የሚበላ ክፍል ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ኃይል ሰጪ ምግብ (ስኳርና ስታርች፣ አሰሩም ጭምር ተቆጥሮ) እንደሚከተለው ነው።

ኮክ፦ 10 ግራም ገደማ
ፓፓያ፦ 11 ግራም ገደማ
ፕሪም፦ 11 ግራም ገደማ
ብርቱካን፦ 12 ግራም ገደማ
ፖም፦ 14 ግራም ገደማ
ዘይቱን፦ 14 ግራም ገደማ (ከዚህ ውስጥ 5 ግራም ያህሉ አሰር ነው)
ማንጎ፦ 15 ግራም ገደማ
ሙዝ፦ 23 ግራም ገደማ
ማር፦ 82 ግራም ገደማ
ስኳር፦ 100 ግራም

ከዝርዝሩ እንደሚታየው ሙዝ ከኮክ ከእጥፍ በላይ ኃይል ሰጪ ምግብ አለው። እንዲሁም ማር ከስኳር እምብዛም አያንስም። «ማር መድኃኒት ስለሆነ የስኳር ሕመምተኛን አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በዚህ አሠራር ውስጥ ማር በስኳር ምትክ አይገባም። ተምርም እንደዚሁ ነው።

ለአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚሰጠው የፍራፍሬ በረዶ ከ15 ግራም በላይ ኃይል ሰጪ ምግብ እንዳይኖረው ማድረግ ጥሩ መመሪያ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሦስት አሠራሮች የተቀመሩት ይህን መጠን ጠብቀው ነው።

4. ስኳር ሲቀር የሚያጋጥም ችግርና መፍትሔው

በሱቅ በሚሸጥ አይስ ክሬም ውስጥ ስኳር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ማጣፈጥ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስኳር የሟሟበት ውሃ እንደ ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙሉ በሙሉ አይረጋም። በዚህ ምክንያት ከፊሉ ውሃ ሳይረጋ ስለሚቀር አይስ ክሬሙ በማንኪያ የሚቆረጥ ለስላሳ ይሆናል። ስኳሩ ሲቀር የፍራፍሬው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ሠርቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ብርድ ደግሞ የምላስን ጣዕም የመለየት ችሎታ ስለሚቀንስ፣ ሞቅ ባለ ጊዜ በቂ ጣፋጭ የነበረው ሲበርድ ቀላል ይመስላል።

ለዚህ ችግር የሚከተሉት መፍትሔዎች ይረዳሉ።

ሀ) በሚገባ የበሰለ ፍራፍሬ መምረጥ። ያልበሰለውን በስኳር ማረም አይቻልም።

ለ) እየረጋ ሳለ ደጋግሞ ማማሰል። ማማሰል ትልልቁን የበረዶ ቅንጣት ይሰባብረዋል።

ሐ) የተልባ ልጋግ መጨመር። በአካባቢያችን በሰፊው የሚታወቀው ተልባ ሲፈላ የሚያወጣው የሚለጠጥ ፈሳሽ ውሃውን ይዞ ስለሚያቆየው በረዶው ይልማል። ለጾም ወቅትም ይስማማል።

መ) ጾም ባልሆነ ቀን እርጎ መጨመር። የእርጎው ቅባትና ገንቢ ምግብ በረዶውን ያለሰልሰዋል።

ሠ) ሽታና ጣዕም በሚሰጡ ቅመሞች መጠቀም። ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ናናና የሎሚ ልጣጭ ስኳር ሳይኖር የጣፋጭነት ስሜት ይሰጣሉ።

ረ) ከመቅረቡ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀድሞ ከማቀዝቀዣው ማውጣት።

5. ብርዱ ከየት ይገኛል?

ስሜን ለብርድ እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው የ6ኛው መቶ ዓመት ተጓዥ በአዱሊስ አግኝቶ በገለበጠው የአክሱም ዘመን ጽሑፍ ላይ እንኳ የስሜን ተራራ በረዶና ውርጭ ተጠቅሷል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ በ3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ገበሬው ይህን ብርድ የሚያውቀው ገብሱን ሲመታበት ነው። እዚህ ላይ ግን ጠቃሚ ሥራ እንዲሠራ ይደረጋል።

5.1 የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ

ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ያለው ቤተሰብ የሚጠቀመው በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ነው። ፍራፍሬው ጠለቅ ባልሆነ ዕቃ ይደረግና በየ30 ደቂቃው ከ4 እስከ 5 ጊዜ በሹካ ይማሰላል። ከዳር የረጋውን ወደ መሐል፣ ከመሐል ያልረጋውን ወደ ዳር ማድረግ ነው።

5.2 በረዶና ጨው

መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ቦታ የሚያገለግለው ይህ ዘዴ ነው። በረዶ ብቻውን ከ0 ዲግሪ በታች አያወርድም፤ ስለዚህ ፍራፍሬን ማርጋት አይችልም። ጨው ሲደባለቅበት ግን ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል። በረዶ ለመቅለጥ ሙቀት ስለሚፈልግ ሙቀቱን አጠገቡ ካለው ዕቃ ይስባል። በዚህ መንገድ በደንብ የተዘጋጀ የበረዶና የጨው ድብልቅ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ይበርዳል።

መጠኑ 3 ጣሳ የተፈጨ በረዶ ለ1 ጣሳ ጨው ነው። 1 ሊትር ያህል የፍራፍሬ ድብልቅ ለማርጋት 4 ኪሎ ግራም ገደማ በረዶ ያስፈልጋል።

5.3 በረዶውን ማግኛ

በክረምት፦ በረዶ ሲዘንብ ዝናቡና መብረቁ ፈጽሞ ካቆመ በኋላ በንጹሕ ሸራ ወይም ፕላስቲክ ላይ የወረደውን መሰብሰብ ይቻላል። ቶሎ እንዳይቀልጥ በጆንያ ጠቅልሎ በጭድ ውስጥ መቅበር ለጥቂት ሰዓታት ያቆየዋል። ከሰማይ የወረደ በረዶ ለማቀዝቀዣነት ብቻ ያገለግላል። ከፍራፍሬው ጋር አይደባለቅም፤ አይበላምም።

በበጋ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት በከፍተኛው ደጋ ውርጭ ይጥላል። በዚህ ጊዜ ዝርግ ሳህኖች በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውሃ ተሞልተው በደረቅ ጭድ ላይ ይደረደራሉ። ጭዱ የመሬቱ ሙቀት ወደ ሳህኑ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሳህኖቹ ከዛፍና ከጣራ ሥር ሳይሆን ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ቦታ መሆን አለባቸው። በረዶው ፀሐይ ሳትወጣ ይሰበሰባል። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ከመምጣቱ በፊት በሰሜን ሕንድ ሜዳ የነበሩ ሰዎች በዚሁ መንገድ፣ በጭድ ላይ በተደረደሩ ዝርግ ሸክላዎች በረዶ ይሠሩ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ሳህን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ቢረጋ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሳህን 4 ኪሎ ያህል ይሰጣል።

አንዳንዶች «ለምን ፍራፍሬውን ራሱን ውርጭ ላይ አናሳድረውም?» ይሉ ይሆናል። የሌሊቱ ውርጭ ውሃን ያረጋል እንጂ ስኳር ያለበትን የፍራፍሬ ድብልቅ በሚገባ ለማርጋት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከዚህም ሌላ አቧራና እንስሳ ይነካዋል። ስለዚህ ውርጩ ውሃውን ያርጋ፤ ከዚያ በረዶውና ጨው ፍራፍሬውን ያርጉ።

6. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ) 1 ሊትር ተኩል የሚይዝ፣ ክዳን ያለው፣ ረዘም ያለ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የኢናሜል ዕቃ። የዛገ ቆርቆሮና የመዳብ ዕቃ ለፍራፍሬ አይሆንም፤ የፍራፍሬው ኮምጣጣነት ብረቱን ያሟሟዋል።
ለ) ዕቃው ገብቶበት በዙሪያው አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ የሚተርፍበት ባልዲ።
ሐ) ባልዲውን የሚይዝ ቅርጫት፣ ጭድና አሮጌ ብርድ ልብስ።
መ) ወንፊት ወይም ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ቢላዋ።
ሠ) ሚዛን። ሚዛን ከሌለ በሱቅ ፍሬውን ካስመዘኑ በኋላ ስንት ኩባያ እንደሞላ ምልክት አድርጎ መያዝ።

7. ንጽሕና

ማርጋት ጀርምን አይገድልም፤ እንቅልፍ ያስይዘዋል እንጂ። በመሆኑም ለፍራፍሬው የሚገባው ውሃና ወተት ሁሉ አስቀድሞ መፍላት አለበት። በደጋ አካባቢ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በደባርቅ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ፖምና ሌላውም ፍሬ በደጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እርጎው ቀድሞ ከፈላ ወተት የተሠራ መሆን አለበት። ጥሬ እንቁላል መጨመር አይገባም።

8. አሠራር

8.1 የኮክ በረዶ ከተልባ ጋር (ለጾም የሚሆን፣ ለ5 ሰው)

600 ግራም የተላጠና ፍሬው የወጣለት የበሰለ ኮክ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ፣ 1 ብርጭቆ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ።

ያልተቆላና የተለቀመ ተልባ በ1 ብርጭቆ ውሃ በለዘብታ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተማሰለ ይፈላል። ትኩስ እንዳለ በወንፊት ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ ለመጠለል ያስቸግራል። ከተጠለለው ግማሽ ብርጭቆ ይለካል። ኮኩ ተከትፎ ከጥቂት ውሃ ጋር ለ5 ደቂቃ ይፈላና ይደቀቃል። ሲቀዘቅዝ ተልባው፣ ሎሚውና ኮረሪማው ተጨምሮ በደንብ ይመታል። የኮኩ ጠንካራ ፍሬ ተሰብሮ አስኳሉ ከምግቡ ጋር እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መርዝነት ያለው ነገር ይዟል። አንድ ድርሻ 12 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ ምግብ አለው።

8.2 የፖም በረዶ ከእርጎ ጋር (ለፍስክ ቀን፣ ለ6 ሰው)

500 ግራም የተላጠ ፖም፣ 250 ግራም ስኳር ያልገባበት እርጎ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ።

ፖሙ ተከትፎ ወዲያውኑ ሎሚ ይነካዋል፤ አለዚያ ይጠቁራል። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተሸፍኖ እስኪለሰልስ ይበስልና ከነፈሳሹ ይደቀቃል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ እርጎውና ቀረፋው ይደባለቅበታል። ትኩስ እንዳለ እርጎ ከተጨመረበት ይቆራረጣል። አንድ ድርሻ 13 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ ምግብ አለው። ክብደት መጨመር ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ቅባቱ ካልወጣለት ወተት የተሠራው እርጎ ይመረጣል።

8.3 የፓፓያ በረዶ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር (ለጾም የሚሆን፣ ለ6 ሰው)

700 ግራም የተላጠና ፍሬው የወጣለት ፓፓያ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የ1 ሎሚ የተፈቀፈቀ ልጣጭ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል።

ፓፓያ ከቆላ የሚመጣ ስለሆነ መንገድ ላይ ያልተፈነከተ መሆኑ ይታያል። ከመላጡ በፊት በፈላ ውሃ በቀዘቀዘ ይታጠባል። ሁሉም በአንድነት ይደቀቃል፤ ማፍላት አያስፈልገውም። አንድ ድርሻ 13 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ ምግብ አለው።

በፓፓያ ፋንታ ማንጎ የሚገኝ ከሆነ መጠኑ ወደ 500 ግራም ዝቅ ይላል። ቀጋ ለጣዕም መጨመር የሚፈልግ ቢኖር የቀጋ ፍሬ ውስጥ ያለው ጠጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር ተቀቅሎ በጨርቅ ሳይጠለል መግባት የለበትም።

8.4 በበረዶና በጨው ማርጋት

1ኛ) የፍራፍሬው ድብልቅ በተቻለ መጠን አስቀድሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። ዕቃው ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ብቻ ይሞላል።
2ኛ) ባልዲው ጭድ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል።
3ኛ) በባልዲው ሥር አንድ ረድፍ በረዶ፣ በላዩ ጨው ይደረጋል። የፍራፍሬው ዕቃ መሐል ይቀመጥና በዙሪያው በረዶና ጨው በየረድፉ ይሞላል። የጨው ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የበረዶው ከፍታ ከክዳኑ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት።
4ኛ) ዕቃው በጨርቅ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል። በየ5 ደቂቃው ክዳኑ ተጠርጎ ይከፈትና ከግድግዳው የረጋው በማማሰያ ተፍቆ ወደ መሐል ይመለሳል። ጨው የነካው በረዶ ቆዳን ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አይነካም፤ ሕፃናትም አይጠጉም።
5ኛ) ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ድብልቁ እንደ ወፍራም ገንፎ ይረጋል። ያኔ ይቀርባል፤ ወይም ክዳኑ ተገጥሞ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ለተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

የተረፈው የጨው ውሃ ተክል ስለሚያደርቅ ጓሮ ውስጥ አይደፋም። በዝርግ ዕቃ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጨው ሆኖ ይደርቃል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ለማርጊያ ያገለግላል።

9. አቀራረብና መጠን

አንድ ድርሻ በአነስተኛ የቡና ሲኒ ሁለት ሲኒ ያህል ነው። ሲኒዎች ስለሚለያዩ የቤቱን ሲኒ አንድ ጊዜ በውሃ ለክቶ ማወቅ ይበጃል። የፍራፍሬ በረዶው በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ ቢቀርብ የተሻለ ነው። የዚያን ዕለት ሕመምተኛው ሌላ ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ የሚበላ ከሆነ አንዱ በሌላው ይተካል እንጂ አይደረብም።

ለሁሉም የቤተሰቡ አባል ከአንድ ዕቃ አንድ ዓይነት ማቅረብ ይገባል። ለሕመምተኛው የተለየ፣ ለሌላው ስኳር የበዛበት ከተሠራ ይህ ሥራ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል።

የደም ስኳር መለኪያ ያለው ሕመምተኛ ከመብላቱ በፊትና ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ ለክቶ ቢጽፍ የትኛው ፍራፍሬ ለእርሱ እንደሚስማማ ከራሱ ሰውነት ይማራል።

በማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል የተቀመጠ የፍራፍሬ በረዶ በደንብ ከተከደነ ለ1 ወር ይቆያል። አንድ ጊዜ የቀለጠ እንደገና አይረጋም። በበረዶና በጨው የተሠራው ግን በዚያው ዕለት ይበላል።

10. ብርቱ ማሳሰቢያ

10.1 ኢንሱሊን ከበረዶው ይራቅ

በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። የረጋ ኢንሱሊን ተበላሽቷል። ከቀለጠ በኋላ መልኩ ደህና ቢመስልም ሥራውን በሚገባ ስለማይሠራ መጣል አለበት። የፍራፍሬ በረዶ ለመሥራት ሲባል የማቀዝቀዣው ብርድ ሲጨመር፣ ወይም ዕቃ ለማስቀመጥ ሲባል ኢንሱሊኑ ወደ በረዶው ክፍል ሲጠጋ ሳይታወቅ ሊረጋ ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የማቀዝቀዣው ክፍል፣ ከበረዶው ክፍል ርቆ ነው።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ በጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ አያረጋውም። በውርጭ ወራት ግን ደጅ፣ በመስኮት ጥግ ወይም በቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ማሳደር ያረጋዋል። በምንም ምክንያት የኢንሱሊን ጠርሙስ በበረዶና በጨው ባልዲ አጠገብ እንዳይቀመጥ።

10.2 ስኳር ሲያንስ የፍራፍሬ በረዶ አይረዳም

ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረኀብ፣ የልብ መምታትና የሐሳብ መዘበራረቅ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚደርስ ስኳር ነው። 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር መስጠት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው መድገም፤ ከዚያ ምግብ ማብላት። የፍራፍሬ በረዶ አሰርና ብርድ ስላለው ዘገምተኛ ነው፤ ለዚህ አይታመንም። ስለሆነም ከስኳር ሕመምተኛ ቤት ስኳር ፈጽሞ መጥፋት የለበትም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

10.3 መድኃኒት አይተውም

ተልባም ሆነ ፍራፍሬ የኢንሱሊን ወይም የክኒን ምትክ አይሆንም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሚበላውን ፍራፍሬ ዓይነትና መጠን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

11. የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ሀ) በረዶው እንደ ድንጋይ ጠጠረ፦ አልተማሰለም፤ ወይም ውሃ በዝቶበታል። ለጥቂት ደቂቃ ደጅ አቆይቶ በሹካ መፋቅ።
ለ) አልረጋም፦ ጨው አንሷል ወይም በረዶው አልተፈጨም። የቀለጠውን ውሃ ቀንሶ በረዶና ጨው መጨመር።
ሐ) ጨው ጨው አለ፦ የጨው ውሃ ገብቶበታል። በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዳይበላው፤ ይጣል።
መ) ጣዕሙ ቀለለ፦ ፍሬው አልበሰለም። በሚቀጥለው ጊዜ የበሰለ መምረጥና ቅመሙን ማጠንከር እንጂ ማር መጨመር አይደለም።

12. የመለማመጃ ጥያቄዎች

1) 200 ግራም ኮክ ወይስ 100 ግራም ሙዝ የበለጠ ኃይል ሰጪ ምግብ አለው?
2) በረዶ ላይ ጨው የሚጨመረው ለምንድን ነው?
3) በውርጭ ወራት ኢንሱሊን ደጅ ቢያድር ምን ይሆናል?
4) የስኳር ማነስ ለያዘው ሰው በመጀመሪያ ምን ይሰጠዋል?

መልስ፦ 1) ኮኩ 20፣ ሙዙ 23 ግራም ገደማ፤ ግማሽ ክብደት ያለው ሙዝ ይበልጣል። 2) በረዶውን እያቀለጠ ከዜሮ በታች እንዲበርድ ለማድረግ። 3) ሊረጋ ስለሚችል ይበላሻል። 4) በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ማር።

13. ማጠቃለያ

የፍራፍሬ በረዶ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን በኮክ፣ በተልባ፣ በጥቂት ጨውና በአንድ የውርጭ ሌሊት የሚሠራ ነው። ሥራው ልጆችን ያሳትፋል። ከሁሉ በላይ ግን በበዓል ቀን ሲኒው ሲዞር በቤቱ ያለው ሕመምተኛ እጁን ሳይሰበስብ እንደ ሌላው ሁሉ ድርሻውን ይቀበላል። መጠኑ ከታወቀ፣ መድኃኒቱ ካልተቋረጠና ኢንሱሊኑ ከበረዶ ከተጠበቀ ይህን ማድረግ ይቻላል። የተማረው ላልተማረው ጎረቤቱ አንድ ቀን አብሮ ሠርቶ ቢያሳይ ትምህርቱ ይበልጥ ይዳረሳል።